አንድ መዝገብና አንድ በር፤ ስለ ኢንተርኔት ስም ምዝገባ የቀረበ ሒስ

ከደብረ ማርቆስ በስተሰሜን፣ በጮቄ ተራራ ሥር የምትገኘው የስናን ወረዳ ከተማ ሮብ ገበያ ስሟን ያገኘችው ከገበያዋ ቀን ነው። እንዲህ ያለው አሰያየም በአገራችን ብርቅ አይደለም። በጎንደር መንገድ ማክሰኚት አለች፤ ከባሕር ዳር ወጣ ሲሉ ሐሙሲት ትገኛለች፤ አርብ ገበያም አለ። ሮብ ገበያ የሚባል ሌላ ቦታ ቢገኝም ማንም አይደነቅም። መንገደኛው «የትኛው ሮብ ገበያ?» ብሎ ሲጠይቅ «የስናኑ» ይባላል፤ ነገሩም በዚሁ ያልቃል። ስሙን ለመስጠት የመዝገብ ሹም አላስፈለገም፤ ስሙን ለማደስ በየዓመቱ ገንዘብ የሚከፍል የለም፤ ውሉ አለፈ ብሎ ስሙን ለሌላ የሚሸጥም የለም።

ኢንተርኔት ግን ይህን የመሰለውን የአገር ልማድ አይቀበልም። ማሽን «የትኛው?» ብሎ መልሶ አይጠይቅም። አንድ ስም ሲጻፍለት ወደ አንድ ቦታ ብቻ ይሄዳል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ስም አንድ ባለይዞታ ብቻ እንዲኖረው የሚጠብቅ መዝገብ ያስፈልጋል። መዝገብ ካለ ደግሞ መዝገብ ያዥ ይኖራል፤ መዝገብ ያዥ ካለም ዋጋ የሚቈርጥ፣ ፈቃድ የሚሰጥና የሚከለክል እጅ አለ ማለት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ እጅ በአገራችን በማን ዘንድ እንዳለ፣ እዚያም ሊቀመጥ ይገባው እንደሆነና እንዳልሆነ መመርመር ነው። ዓ.ም. ተብሎ ካልተጻፈ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያውቅልን እንለምናለን።

በመጀመሪያ የነገሩን አሠራር በአጭሩ እንግለጽ። የኢንተርኔት ቀዳሚ በሆነው መረብ ላይ የነበሩት ማሽኖች ጥቂት ሳሉ ስማቸው ሁሉ በአንድ ዝርዝር ተጽፎ በካሊፎርኒያ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ይቀመጥ ነበር፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ ይገለብጣል። ማሽኖቹ ሲበዙ ይህ አልቻል ስላለ ፖል ሞካፔትሪስ የተባለው ሊቅ በ1983 ዛሬ የሚሠራበትን ሥርዓት አወጣ። ሥርዓቱ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ከፈረንጁ ይልቅ ይቀላል ብንል ማጋነን አይሆንም፤ ምክንያቱም አጻጻፉ እንደ እኛ ስም ልጅን፣ አባትንና አያትን ተከትሎ የሚሄድ ነው። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ አድራሻ «ዲኤምዩ ነጥብ ኢዲዩ ነጥብ ኢቲ» ነው። ዲኤምዩ ልጅ፣ ለትምህርት ተቋሞች የተከለለው ኢዲዩ አባት፣ የኢትዮጵያ ምልክት የሆነው ኢቲ ደግሞ አያት ነው። ሁለት አበበዎች ከሁለት አባቶች ቢወለዱ አይምታቱም፤ አንድ አባት ግን ለሁለት ልጆቹ አበበ የሚል ስም አያወጣም። በዚህ ዘር ሐረግ ውስጥ እያንዳንዱ አባት የልጆቹን መዝገብ ይይዛል። አያቶቹን ሁሉ የያዘው ላይኛው መዝገብ «ሥር» ይባላል።

እንግዲህ ከአንድ አባት በታች ያለው መዝገብ አንድ ብቻ መሆን እንዳለበት የሚከራከር የለም። ሁለት መዝገብ ያዦች ለነጥብ ኮም ልጆች ስም ቢያወጡ አንዱ «ሮብ ገበያ»ን ለድንች ነጋዴ፣ ሌላው ለሆቴል ይሰጠዋል፤ ደብዳቤም ገንዘብም ወደማይሆንበት ይሄዳል። የኢኮኖሚ ሊቃውንት የተፈጥሮ ሞኖፖል የሚሉት ዓይነት ነው። ሞኖፖል የሚለው ቃል ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም፤ ከትምባሆ ጋር ያወቀው ነው። ትምባሆን ግን ሞኖፖል ያደረገው አዋጅ እንጂ ቅጠሉ አይደለም። የስም መዝገብን አንድ የሚያደርገው የነገሩ ጠባይ ራሱ ነው።

ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። መዝገቡ አንድ ከሆነ ሻጩም አንድ መሆን አለበት የሚል አስተያየት በመሥሪያ ቤቶች አካባቢ ይሰማል፤ በትምህርት ቤትም ሳይቀር ይደገማል። መዝገብና በር ግን ሁለት ነገሮች ናቸው። የአንድ ከተማ የቦታ መዝገብ በማዘጋጃ ቤት አንድ ነው፤ ነገር ግን ባለጕዳዩን ወክሎ የሚጽፍ ራፖር ጸሐፊ፣ የሚከራከር ጠበቃ፣ የሚያስማማ ደላላ ብዙ ነው። በመረብ ስምም ረገድ መጽሐፉን የሚጠብቀውን «መዝገብ ያዥ»፣ ደንበኛውን ተቀብሎ ስሙን የሚያስገባለትን ደግሞ «አስመዝጋቢ» ብለን ብንለያቸው ክርክሩ ግማሽ በግማሽ ይቃለላል።

ይህ ልዩነት በመጽሐፍ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ በአሜሪካ በተግባር ተፈትኗል። ከ1993 ጀምሮ የነጥብ ኮምን ምዝገባ ኔትወርክ ሶሉሽንስ የተባለ ኩባንያ ከመንግሥት የሳይንስ ድርጅት ጋር በተዋዋለው ውል ብቻውን ያካሂድ ነበር። መጀመሪያ ምዝገባው ለደንበኛው በነጻ ነበር። በመስከረም 1995 ግን ኩባንያው ለሁለት ዓመት 100 ዶላር እንዲያስከፍል ተፈቀደለት። በዚያን ጊዜ የንግድ ሰው ሁሉ ወደ ኢንተርኔት ይጐርፍ ነበርና ገንዘቡ እንደ ክረምት ወንዝ ሞላ። ሌላ መሄጃ ስለሌለ ደንበኛው ቢያጉረመርምም ይከፍላል። የነገሩ ፍትሕ አለመሆን ሲጐላ በ1998 አይካን የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት በካሊፎርኒያ ተቋቋመ፤ በ1999ም በሩ ተከፈተ። መጽሐፉ በዚያው ኩባንያ እጅ ቀርቶ ሌሎች ኩባንያዎች፣ በመጀመሪያው ዙር አምስት፣ ደንበኛ ተቀብለው ስም እንዲያስገቡበት ተደረገ። ለመዝገብ ያዡ የሚከፈለውም የጅምላ ዋጋ በዓመት 6 ዶላር ሆነ። ቀድሞ 50 ዶላር ያወጣ የነበረው የአንድ ዓመት ምዝገባ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ10 ዶላር በታች የሚገኝበት ቦታ በዛ።

ይህን ታሪክ የሚጠቅሱ ጸሐፊዎች አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ያቆሙና ውድድር አሸነፈ ብለው ያጨበጭባሉ። እኛ ግን ጭብጨባው ቸኵሏል እንላለን። በሩ ተከፈተ እንጂ መጽሐፉ አልተወዳደረበትም። ኔትወርክ ሶሉሽንስን በ2000 ቬሪሳይን የተባለ ኩባንያ ወደ 21 ቢሊዮን ዶላር በሚደርስ ዋጋ ገዛው፤ የአስመዝጋቢነቱን ክፍል ቈይቶ ሲሸጥ የነጥብ ኮምን መጽሐፍ ግን ለራሱ አስቀረ። ውሉ በየጊዜው ሲታደስ ሌላ ተጫራች አይጠራም። በ2012 የጅምላው ዋጋ 7.85 ዶላር ላይ እንዲቆም የአሜሪካ መንግሥት ከልክሎ ነበር፤ በ2018 ክልከላው ላላና በመስከረም 2021 ወደ 8.39፣ በ2022 ወደ 8.97፣ በ2023 ወደ 9.59፣ በ2024 ወደ 10.26 ዶላር ወጣ። በእነዚህ ዓመታት የማሽን ዋጋ ወረደ እንጂ አልወጣም። ኩባንያው በ2023 ካገኘው 1.49 ቢሊዮን ዶላር ያህል ገቢ ውስጥ ከሦስት እጅ ሁለቱ እጅ የሥራ ትርፍ ነበር። ጤፍ ነጋዴ እንዲህ ያለ ትርፍ ቢያገኝ በማግሥቱ ጎረቤቱ ሁሉ ጤፍ ነጋዴ በሆነ ነበር።

ለምን ደንበኛው ትቶ አይሄድም? የጽሑፋችን ፍሬ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ስም ከመመዝገቡ በፊትና ከተመዘገበ በኋላ አንድ ዓይነት ዕቃ አይደለም። ከመመዝገቡ በፊት ነጻ ምርጫ አለ፤ ይኸኛው ቢወደድ ያኛው ይወሰዳል። ከተመዘገበ፣ በሱቁ ግንብ ላይ ከተቀባ፣ በደረሰኝ ላይ ከታተመ፣ ደንበኛ ካወቀው በኋላ ግን ባለስሙ የመዝገብ ያዡ እስረኛ ነው። ቀድሞ ነጋዴ ኬላ ሲከብደው በሌላ መንገድ ይዞር ነበር፤ ነጋድራሱም ይህን ስለሚያውቅ ከመጠን በላይ ቢያስከፍል ገበያው ወደ ሌላ እንደሚሸሽበት ይፈራል። ለእድሳት የመጣ ባለስም ግን መዞሪያ መንገድ የለውም። የሮብ ገበያ ገበያ ነገ ወደ ሐሙስ ቢዛወር እንኳ ስሟ ሮብ ገበያ እንደሆነ ይቀራል፤ ስም ከሥራው ይልቅ ይጸናልና። ስለዚህ አዲስ መዝጋቢዎችን ለመሳብ የሚደረገውን ውድድር ብቻ አይቶ ገበያው ጤናማ ነው ማለት የመግቢያውን በር አይቶ ስለ መውጫው መመስከር ነው። አስመዝጋቢው ቢከፋ ስምን ይዞ ወደ ሌላ አስመዝጋቢ መሄድ ይቻላል፤ ከመጽሐፉ ያዥ ግን ስም ይዞ መሄድ አይቻልም። ከ2012 ወዲህ አይካን ከሺህ በላይ አዳዲስ «አያቶች» መፍቀዱም ለነባሩ እስረኛ የሚጠቅመው ጥቂት ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ነጥብ ኢቲ በሥሩ መዝገብ ላይ የገባው በጥቅምት 1995 ነው። ኢንተርኔት በአገራችን ለሕዝብ አገልግሎት የዋለው ግን በ1997 ነበር፤ ስለዚህ ልጁ ሳይወለድ ስም ወጣለት ማለት ይቻላል። መዝገቡን የያዘው የዚያን ጊዜው የቴሌኮሙኒኬሽን መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ በ2010 መጨረሻ ኢትዮ ቴሌኮም ሲቋቋም መጽሐፉ ከሽቦውና ከምሰሶው ጋር አብሮ ተላለፈ። በዚያ ዘመን ይህ አያስነቅፍም። ከምኒልክ ዘመን፣ ከ1894 የአዲስ አበባና የሐረር ስልክ ጀምሮ የስልክ ሥራ በመንግሥት እጅ ነበረ፤ ሌላ የስልክ ኩባንያ ስላልነበረ መዝገቡ በዚያ ቢቀመጥ የሚበደል ተወዳዳሪ አልነበረም።

ይህ ሁኔታ ግን ተለውጧል። በ1148/2011 ዓ.ም. አዋጅ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ የቴሌኮም ገበያም ለሌላ ኩባንያ ተከፈተ። በግንቦት 2021 ሳፋሪኮም የሚገኝበት ማኅበር በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ ወሰደ፤ በጥቅምት 2022 አገልግሎቱን በይፋ ጀመረ። ስለዚህ ኢትዮ ቴሌኮም ዛሬ አንድ ተወዳዳሪ ነው። የኢንተርኔት መስመር ይሸጣል፤ ድረ ገጽ የሚቀመጥበትን ቦታ ያከራያል፤ የመረብ ስምም ይሸጣል። የነጥብ ኢቲ መዝገብ ያዥ ተብሎ በዓለም አቀፉ ዝርዝር ላይ የሰፈረውም እርሱ ነው። በአንድ ገበያ ላይ ከሚሸጡት ነጋዴዎች አንዱ የገበያውን ሚዛንም ይዟል ማለት ነው።

ይህን ስንል ሚዛኑን አጣሞታል ማለታችን አይደለም፤ የምንነቅፈው ሥርዓቱን እንጂ ሰዎቹን አይደለም። ነገር ግን ሚዛን ያዥና ሻጭ አንድ መሆን እንደሌለበት የሚያስረዳ ሕግ ከማንም ቀድሞ የኢንተርኔት መሥራቾች ራሳቸው ጽፈውታል። ጆን ፖስተል የተባለው ሊቅ የስሞቹንና የቍጥሮቹን መዝገብ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ ጥቅምት 1998 ድረስ፣ ከዩኒቨርሲቲው ሆኖ ይጠብቅ ነበር። በመጋቢት 1994 ባወጣው ቍጥር 1591 ሰነድ የአንድ አገር ስም መዝገብ ያዥ ባለዐደራ እንጂ ባለርስት እንዳልሆነ ይገልጻል፤ ጥያቄዎች ሁሉ በአንድ ደንብ እንዲታዩ ያዝዛል፤ ቀጥሎም መዝገብ ያዡ ሌላ ሥራ ካለው የዚያ ሥራው ደንበኛ የሆነውን ከሌላ ኩባንያ ደንበኛ አስበልጦ እንዳያይ ይከለክላል። የሰጠውም ምሳሌ ልዩ ነው፤ የአንድ የመረብ መስመር አቅራቢ ደንበኞች ተለይተው እንዳይጠቀሙ ይላል። ይህ ዐረፍተ ነገር ስለ እኛ የዛሬ ሁኔታ የተጻፈ ይመስላል። ነጥብ ኢቲም መዝገብ የገባው ይህ ሰነድ ከወጣ ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ስለሆነ አላውቀውም ማለት አይቻልም።

ነገሩ በምሳሌ እንዲታይ አንድ ማኅበር በሐሳባችን እናቋቁም። በሮብ ገበያ አካባቢ ደጋው ለድንችና ለገብስ የተመቸ ነው። ዘር ድንች የሚያመርቱ ገበሬዎች ማኅበር አቋቁመው ዋጋቸውንና የዘሩን ዓይነት ለወለጋም ለሸዋም ገዢ በራሳቸው የመረብ ስም ማሳወቅ ፈለጉ እንበል። ሁለት መንገድ አላቸው። አንደኛው በነጥብ ኢቲ ሥር «ኮም ነጥብ ኢቲ» ወይም «ኦርግ ነጥብ ኢቲ» መጠየቅ ነው። የማኅበሩ የኢንተርኔት መስመር ከሳፋሪኮም የተገዛ ቢሆን ስሙን ለማግኘት የሚሄደው ወደ መስመር ሻጩ ተወዳዳሪ ነው። ድረ ገጹን የሚሠራለት የደብረ ማርቆስ ወጣት በራሱ ማሽን ላይ ቦታ የሚያከራይ ከሆነም ደንበኛውን እጁን ይዞ ወደ ተወዳዳሪው ቤት ይወስደዋል። እዚያ በክብር ቢስተናገድ እንኳ የመዝገብ ያዡ ሠራተኛ «ቦታውንም ከእኛ ብትወስዱ?» ለማለት ምን ያግደዋል? ይህን ለማለት ክፋት አያስፈልግም፤ ነጋዴ መሆን ይበቃል።

ሁለተኛው መንገድ ነጥብ ኮምን ከውጭ አገር አስመዝጋቢ መግዛት ነው። በዚህ ረገድ የአገራችን ሰው በእግሩ ድምፁን ሰጥቷል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አድራሻ በነጥብ ኮም ነው፤ የሪፖርተር ጋዜጣም እንዲሁ። አየር መንገዱ ዓለም አቀፍ ገዢ ስላለው ነው ይባል ይሆናል፤ ለጋዜጣውና ለትንንሹ ነጋዴ ግን ይህ ምክንያት አይበቃም። በነጥብ ኢቲ ጸንተው የምናገኛቸው ዩኒቨርሲቲዎች፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና እንደ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ያሉ ድርጅቶች ናቸው። ከዚህ የምንረዳው በአገር ውስጥ የተዘጋው በር ውድድርን እንዳላጠፋ ነው፤ ወደ ውጭ አስወጣው እንጂ። የውጭው መንገድ ደግሞ ዶላር ይጠይቃል። በሐምሌ 2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በዓመቱ መጨረሻ ከ120 ብር በላይ ሆነ። 10.26 ዶላር የሆነው የነጥብ ኮም የጅምላ ዋጋ ብቻውን፣ የአስመዝጋቢው ትርፍ ሳይጨመር፣ በፊተኛው ምንዛሪ ቢሰላ 585 ብር ያህል፣ በኋለኛው ግን ከ1,230 ብር በላይ ይሆናል ማለት ነው። ገንዘቡ ለብዙ ነጋዴ ከባድ ላይሆን ይችላል፤ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ማግኘት ግን ለሮብ ገበያ ማኅበር ቀላል አይደለም። ስለዚህ ከዘመድ ያስከፍላል፤ ብዙ ጊዜም ስሙ በዘመዱ ስም ይመዘገባል። ዘመድ ሲጣላ ወይም ሲሞት ማኅበሩ ስሙን በምን ማስረጃ ይጠይቃል? የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ የንግድ ስምን ከንግድ መደብር ሀብቶች አንዱ አድርጎ ይቈጥረው ነበር፤ በውጭ አገር መጽሐፍ ላይ በሌላ ሰው ስም የተጻፈ ሀብት ግን ከሀብትነቱ ይልቅ ሙግቱ ይበዛል።

እዚህ ላይ ሁለት መልሶች ሊቀርቡብን ይችላሉ። የመጀመሪያው ገበያው ትንሽ ስለሆነ ብዙ አስመዝጋቢ አይሸከምም የሚል ነው። ይህ መልስ ምክንያቱን በውጤቱ ቦታ ያስቀምጣል። ጎረቤታችን ኬንያ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ነጥብ ኬኢን ለዚሁ ሥራ ብቻ ለቆመ፣ ኬኒክ ለሚባል ድርጅት ሰጠች፤ መጽሐፉ አንድ ሆኖ አስመዝጋቢዎቹ ብዙዎች ሆኑ። ኬኒክ የኢንተርኔት መስመር አይሸጥም፤ ስለዚህ ሳፋሪኮም በአገሩ ለስሙ ወደ ተወዳዳሪው አይሄድም። ናይሮቢ ላይ ሚዛኑ ከነጋዴው ተለይቶ አዲስ አበባ ላይ ያልተለየበትን ምክንያት የገበያው ትንሽነት አያስረዳም።

ሁለተኛው መልስ ከበድ ያለ ነው። መዝገቡ የአገር ሉዓላዊነት ምልክት ስለሆነ ከመንግሥት እጅ መውጣት የለበትም ይላል። ሐሳቡን እናከብረዋለን፤ የግል መዝገብ ያዥ ምን ሊያደርግ እንደሚችል በ2019 ታይቷል። በዚያ ዓመት ለትርፍ ያልቆሙ ማኅበሮች የሚጠቀሙበትን የነጥብ ኦርግ መዝገብ ኢቶስ ካፒታል የተባለ ኩባንያ በ1.135 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛው ተስማምቶ ነበር፤ ከብዙ ጩኸት በኋላ በሚያዝያ 2020 አይካን ከለከለ። የበጎ አድራጎት ማኅበሮች ስም ለትርፍ ሊሸጥ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ስለዚህ መጽሐፉን ለግል ነጋዴ እንስጥ አንልም። ነገር ግን መንግሥትና ኢትዮ ቴሌኮም አንድ አይደሉም። ኢትዮ ቴሌኮም የንግድ ድርጅት ነው፤ ከጥቅምት 2024 ጀምሮም ከአክሲዮኑ ከመቶ 10 እጅ ለሕዝብ ሽያጭ ቀርቧል። ባለአክሲዮን ያለው ድርጅት ትርፍ ማሰብ ግዴታው ነው። ሉዓላዊነትን የሚጠብቀው መጽሐፉን ምንም ሸቀጥ የማይሸጥ አካል ሲይዘው ነው፤ ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ቢሆን ወይም ዩኒቨርሲቲዎች የሚገኙበት ለዚህ ብቻ የቆመ ማኅበር ቢሆን። ከሁለቱ እኛ ሁለተኛውን እንመርጣለን። ፖስተል ራሱ የዩኒቨርሲቲ ሰው እንደነበረ ስናስታውስ ለተቋማችን ማዳላታችን በጣም አይነቀፍም።

በአንድ እጅ መጠቃለሉ ከዋጋ ሌላ ጕዳትም አለው። ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በነበረ ጊዜ የጎጃም ነጋዴ ስም ነበረው፤ ስሙን የሚጠራበት መንገድ ግን አልነበረውም። ይህ የመስመር እንጂ የመዝገብ ጕዳይ እንዳልሆነ እናውቃለን። ሆኖም መስመሩና መዝገቡ በአንድ ቤት ሲሆኑ መስመሩን የሚያዘጋ ትእዛዝ መዝገቡንም ለማዘጋት ሌላ ደጅ ማንኳኳት አያስፈልገውም።

ስለ መፍትሔው ብዙ ማለት አያሻም፤ የሌሎች አገሮች ልምድ አለ። መጽሐፉ ከመስመር ንግድ ይለይ። ለአስመዝጋቢዎች የሚሸጠው የጅምላ ዋጋ አንድና የታወቀ ይሁን፤ ኢትዮ ቴሌኮምም አስመዝጋቢ ሆኖ ከሌሎቹ ጋር በዚያው ዋጋ ይግዛ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የእድሳት ዋጋ ከመጀመሪያው ምዝገባ ዋጋ እንዳይበልጥና ለብዙ ዓመት አስቀድሞ እንዲታወቅ ይደረግ፤ የነጥብ ኮም ታሪክ የሚያስተምረው ይህንኑ ነውና። በ813/2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድር አዋጅ በገበያ የበላይነት ያለአግባብ መጠቀምን ይከለክላል። ክልከላው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በደል ከተፈጸመ በኋላ የሚከስ ሕግ፣ በደሉ እንዳይመች አድርጎ የሚሠራ ሥርዓትን አይተካም።

ይህ ሁሉ ለነባሩ መጽሐፍ ነው። ገና ያልተከፈተ ሌላ መጽሐፍ ስላለ ግን ክርክሩ የሚቸኵልበት ምክንያት አለ። እስካሁን የጠቀስናቸው ስሞች ሁሉ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው። «ሮብ ገበያ»ን በላቲን ለመጻፍ የተቀመጠ ሰው ሮብ ይበል ረቡ፣ ገበያን በአንድ ኢ ይጻፍ በሁለት፣ ቃላቱን ያጣብቅ ይነጥል መወሰን አለበት፤ የመረጠው አንዱን ሲሆን የተዋቸውን ሁሉ ሌላ ሰው ሊገዛቸው ይችላል። ይህ ለመዝገብ ያዡ ጥቅም ነው፤ ጠንቃቃው ባለስም አንዱን ስም በአራት አጻጻፍ ይገዛዋልና። የግዕዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ ገብቷል፤ በ2010 ዐረቦችና ሩሲያውያን የአገራቸውን ምልክት በየፊደላቸው በሥሩ መዝገብ ማስገባት ጀመሩ፤ በ2017 የግዕዝ ፊደል በሥሩ መዝገብ ላይ የሚገባበት ደንብ በአይካን ሥርዓት ውስጥ ተካተተ። እስከ 2024 ድረስ ግን በግዕዝ ፊደል የተጻፈ የኢትዮጵያ ምልክት በሥሩ አልገባም።

በገባ ጊዜ የሆሄው ጥያቄ ከዋጋው ጋር ይገናኛል። ሮብን ረቡዕ ብሎ በዐይኑ ዕ የሚጽፍ አለ፤ በአልፋው እ የሚጽፍ አለ። ሠርግን በንጉሡ ሠ፣ በእሳቱ ሰ የሚጽፉ አሉ፤ ፀሐይን በጸሎቱ ጸ፣ በፀሐዩ ፀ፣ ከዚያም በሦስቱ ሀ አባዝተን ስንቈጥር አንዱ ቃል ስድስት ስም ይወጣዋል። ሊቃውንቱ በሆሄ ጠባቂነትና በሆሄ ቅነሳ ላይ ሲከራከሩ ዘመን አልፏል፤ መዝገብ ያዡ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ አይጠብቅም። መጽሐፉ ለትርፍ በሚሠራ እጅ ከገባ ስድስቱ ስድስት ሸቀጥ ናቸው፤ ባለዐደራ ከያዘው ግን አንዱን የተመዘገበ ሰው የቀሩትን አምስት ያለክፍያ አብሮ እንዲያገኝ፣ ወይም ቢያንስ ለሌላ እንዳይሰጡበት ማድረግ በአንድ ገጽ ደንብ የሚያልቅ ነገር ነው። ደንቡ መጻፍ ያለበት የመጀመሪያው የግዕዝ ስም ከመሸጡ በፊት ነው፤ ከተሸጠ በኋላ እያንዳንዱ ሆሄ ባለቤት ይኖረዋል።